«ፓርትነሬ ነው» አለችና ስለ ልጆቻቸው ተጠየቀች

ጥያቄው፦ «መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር በመንዝ ሱፍ ባና እያሠራን ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች እንልካለን። ባለፈው ሰሞን ከአንዲት ገዢ ጋር በቪዲዮ ስንገናኝ ‹ሂ ኢዝ ማይ ፓርትነር› ብዬ አስተዋወቅሁት። ደስ አላትና አብራችሁ ከሆናችሁ ስንት ጊዜ ሆነ አለችኝ። ስድስት ዓመት አልኳት። ቀጥላ ልጆች አሏችሁ ወይ ስትል ክው አልኩ፤ ባለቤቴ እዚያው ከጎኔ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። አሁን ደግሞ ለንግድ ትርኢት ሁለታችንንም ጋብዛን የምንሞላው ቅጽ ልካለች፤ ‹ሪሌሽንሺፕ› የሚል ቦታ አለው። ፍሬንድ ልበለው፣ ኮሊግ፣ ኮምፓኒየን፣ ወይስ ወንድ ስለሆነ ቦይፍሬንድ? መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም ጓደኛ እያለ ነው የሚፈታቸው።»

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። አንቺም ቃሉን አልሳትሽም፤ ከፊቱ የሚቆመውን ሌላ ቃል ነው የዘለልሽው። «ቢዝነስ ፓርትነር» ብትዪ ኖሮ ስለ ልጅ የሚጠይቅሽ አልነበረም። «ፓርትነር» ብቻውን ሲቀር፣ በተለይ አንድ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ስታስተዋውቂው፣ ዛሬ በእንግሊዝም በአሜሪካም ጆሮ ቀድሞ የሚደርሰው የኑሮ አጋር ነው። ያገባም ያላገባም ይለዋል፤ ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይለይም። ገዢዋም «አብራችሁ» ስትል የጠየቀችሽ ስለ ሱቁ ሳይሆን ስለ ቤቱ ነበር። እንግሊዞች ሁለት ሰዎችን «ቱጌዘር» ከሆናችሁ ስንት ጊዜ ሆነ ብለው ሲጠይቁ ፍቅሩን መጠየቃቸው ነው። የሥራውን ዘመን የፈለገ ሰው አብራችሁ ስትሠሩ ስንት ጊዜ ሆነ ይላል፤ «ወርክ» የምትለዋ ቃል አትቀርም።

ትልቁ ስሕተት ግን ከዚህ በፊት ነው ያለው። ጥያቄሽን ሳነብ ቃሎቹን በፍቅር መጠን ልትደረድሪያቸው እንደፈለግሽ ይታየኛል፤ ይህኛው ቀዝቀዝ ያለ፣ ያኛው ሞቅ ያለ እያልሽ። በአማርኛ እንዲህ ማድረጉ ያስኬዳል። ከትውውቅ ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛ ወደ ወዳጅ፣ ከወዳጅ ወደ የልብ ወዳጅ እንወጣለን፤ ደረጃ ነው። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ቃሎች በአብዛኛው የሚለያቸው በሙቀታቸው አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ምንድን ነው የሚጋሩት? ሥራ ነው፣ ገንዘብ ነው፣ ክፍል ነው፣ መንገድ ነው፣ አልጋ ነው? የሚጋሩት ነገር ቃሉን ይመርጥልሻል። ከአብሮ አደግሽ ጋር የቱንም ያህል ብትዋደዱ፣ ቅጹ ላይ የሚጻፈው የምትጋሩት ነገር ነው።

ቃሎቹ የተወለዱትም እንዲሁ ነው። «ኮምፓኒየን» ከላቲን የመጣ ሲሆን ውስጡ ያለው «ከ... ጋር» እና «ዳቦ» ነው፤ ዳቦ አብሮ የሚቆርስ ሰው። የኛ ሽማግሌዎች ባልንጀራን «ባለ እንጀራ» ብለው ሲፈቱት የሰማ ሰው ሁለቱ ቃሎች ከአንድ ማዕድ የተነሡ መሆናቸው ይገርመዋል። «ሜት» የሚባለውም ሥሩ ከምግብ ነው። «ኮምሬድ» ክፍል ከሚለው የስፓኝ ቃል የመጣ ነው፤ ሲወለድ ደባል ማለት ነበር፤ እኛ በደርግ ዘመን ጓድ እያልን ከተርጎምነው ወዲህ ግን ደባልነቱን የሚያስብ የለም። «ፌሎው» ደግሞ ከድሮ የስካንዲናቪያ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ከብቱን ወይም ገንዘቡን ከሌላው ጋር አንድ ላይ ያኖረ ሰው ማለት ነው። ከብትና ሀብት በነሱም አንድ ቃል ነበር፤ በኛም የጥንቱ አማርኛ ሀብትን ከብት ይላል። መንዝ ውስጥ በግ ለርቢ ተሰጣጥተው ግልገሉን የሚካፈሉ ሁለት ሰዎች በዱሮው ትርጉም «ፌሎው» ናቸው። ይባስ ብሎ «ራይቫል»፣ ማለት ተፎካካሪ፣ የመጣው ከአንድ ወንዝ ውኃ የሚካፈሉ ሰዎች ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ በመስኖ ተራ ሽንኩርት ያጠጣ ሰው ይህን ለማስረዳት ሊቃውንት አያስፈልገውም።

ታዲያ ባልንጀራና «ኮምፓኒየን» ከአንድ ማዕድ ተነሡ ማለት ዛሬም አንዱ በሌላው ይተካል ማለት አይደለም። ብዙ ተማሪዎቼ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ የቃል ሥር ይማርካቸውና ትርጉም አድርገው ይይዙታል። በዛሬ እንግሊዝኛ «ኮምፓኒየን» ከሰው ጎን የማይጠፋ ነው፦ የመንገድ ጓደኛ፣ አንዲትን አሮጊት እየተከፈላት ቀን ከሌት የምታጫውት ሴት፣ ጋዜጣ ላይ ደግሞ አንድ ዝነኛ ሰው ሳያገባት አብራው የምትኖር ወዳጁ። ውሻም «ኮምፓኒየን» ነው። የንግድ አጋርሽን እንዲህ ብትዪው ገዢዋ ከመጀመሪያው የባሰ ግራ ትጋባለች። መጽሐፍ ቅዱሱን ተመልከቺ፤ በአማርኛው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን እንግሊዝኛው የጻፈው «ኔበር» ብሎ ነው፣ ጎረቤት በሚለው ቃል። ተርጓሚዎቹ የተከተሉት የቃሉን ሥር ሳይሆን የቃሉን ሥራ ነው።

ወደ «ፍሬንድ» ልምጣ፤ ይህ ቃል ከሁሉም ሰፊው ነው፤ ከሁሉም የማይጎዳውም እሱ ነው። ሥሩ መውደድ ከሚለው የዱሮ እንግሊዝኛ ግስ ነው፤ ወዳጅ ከወደደ እንደተወለደ ማለት ነው። ስፋቱን ለማየት አንኮበርን አስታውሺ። በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ውል ሲዋዋል የውሉ ስም የ«ፍሬንድሺፕ» እና የንግድ ውል ነበር። ሸዋና እንግሊዝ «ፍሬንድ» ከተባሉ፣ አንቺና አብሮ አደግሽም ትባላላችሁ። ሰው ስታስተዋውቂ «ኤ ፍሬንድ ኦፍ ማይን» ማለት ይቀላል፤ ከብዙ ጓደኞቼ አንዱ ማለት ነው፤ ማንም ሰው ከዚያ ውስጥ ፍቅር ፈልጎ አያወጣም። «ማይ ፍሬንድ» እያሉ ያልለመዱትን ሰው መጥራት ግን እንደ አነጋገሩ ነው፤ ገበያ ላይ የሚጎትት ሻጭ ወይም ሊጣላ የተነሣ ሰው ሊመስል ይችላል።

«ቦይፍሬንድ» ላልሽው መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ወንድ ጓደኛ ማለት አይደለም፤ ፍቅረኛ ነው። የቃሉ ሁለት ቁራጮች እያታለሉን ነው እንጂ ሲገጥሙ ሌላ ነገር ይሆናሉ። አንዲት አሜሪካዊት ሴት የሴት ጓደኞቿን «ገርልፍሬንድስ» ስትል ልትሰሚ ትችያለሽ፤ ወንድ ግን ሲለው ምንጊዜም ፍቅረኛው ናት። የጓደኛሽን ፆታ መናገር ካለብሽ ዓረፍተ ነገሩ ይናገርልሽ፤ «ሂ» ወይም «ሺ» ስትዪ አድማጩ ይለያል። የቅርብ ጓደኛ ማለት ስትፈልጊም ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ክሎዝድ ፍሬንድ» ነው፤ የተዘጋ ጓደኛ ማለት ይሆናል። ትክክለኛው «ክሎስ» ነው፣ መጨረሻው «ስ»፤ ሲጻፍም «ዲ» የለውም። ሁለተኛው «ኢንቲሜት» ነው። መዝገበ ቃላት የቅርብ ብሎ ይፈታዋል፤ ሰው ሲሰማው ግን የሰውነት ቅርበት ይታየዋል። ተዪው።

«ኮሊግ» የሥራ ባልደረባ ነው፤ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ያምርበታል። ፋብሪካና ሱቅ ከሆነ «ኮወርከር» ይቀላል። እዚህ ላይ አገር ያጠፋው ስሕተት «ስታፍ» ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ስታፌ ነው» ይባላል፤ አማርኛ ሆኗልና በአማርኛ ችግር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን «ስታፍ» የሠራተኛው ጠቅላላ ስም ነው፤ አንድ ሰው «ኤ ስታፍ» አይሆንም። ከዚያም የባሰው፣ «ማይ ስታፍ» ስትዪ በሥሬ ያሉ ሠራተኞቼ እያልሽ ነው። አለቃሽን እንዲህ ብለሽ እንዳታስተዋውቂ። የአንቺና የአብሮ አደግሽ ነገር ደግሞ ከባልደረባነት አልፏል፤ ባልደረባ ደመወዝ ከአንድ ቦታ ይቀበላል፣ ሸሪክ ኪሳራም ይካፈላል። ስለዚህ «ኮሊግ» ስሕተት ባይባልም ያሳንሰዋል።

«ሜት» ብቻውን የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ወንዶች መጠሪያ ነው፤ ለእንስሳት ደግሞ የሚራባበት ጥንድ። ከሌላ ቃል ጋር ሲጣበቅ ብቻ ተጠቀሚበት፦ «ክላስሜት»፣ «ቲምሜት»፣ «ሩምሜት»። «ፌሎው»ም ዛሬ ከፊት ሲቆም ነው የሚያምርበት፤ «ፌሎው ስቱደንት» አብሮኝ የሚማር፣ «ፌሎው ኢትዮጵያን» የአገሬ ልጅ። ብቻውን ስም ሲሆን ወይ «ሰውዬው» ነው፣ ወይ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ነው።

አሁን ቅጹ። «ሪሌሽንሺፕ» የሚለው ሳጥን ግንኙነታችሁ እንዴት ነው ብሎ አይደለም የሚጠይቀው፤ ለዚህ ሰው ምኑ ነሽ ነው የሚለው። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ለትምህርት ዕድል የሞላውን ቅጽ እንዳይለት አመጣልኝ። የአጎቱ ስም በደማቅ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ከጎኑ ግንኙነት በሚለው ቦታ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ሞልቶታል፤ ከሥሩም በመስመር አስምሮበታል። ሳቄን ይዤ «አጎት በል» አልኩት። «መምህር፣ ተጣልተን ነበር፤ አሁን ታርቀናል ለማለት ነው» አለኝ። አልፈርድበትም፤ አማርኛው «ግንኙነት» ሁለቱንም ይሸከማል።

የዚህ ቃል ዘመዶች ደግሞ ይናከሳሉ። ከደንበኛሽ ጋር «ጉድ ሪሌሽንሺፕ» አለኝ ማለት ትችያለሽ፤ ጨዋ ንግግር ነው። «ኢን ኤ ሪሌሽንሺፕ» ነን ካልሽ ግን ፍቅረኛሞች ነን ማለትሽ ነው። ልዩነቱ በዚያች ትንሽ «ኢን» ላይ ነው። «ሪሌሽንስ» በብዙ ቁጥር ለመንግሥታትና ለሕዝብ ግንኙነት ያገለግላል፤ ስለ ሁለት ሰዎች ሲሆን የመኝታ ነገር ይመስላል። ከሁሉ የከፋው «አፌር» ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዚህ ቃል ይጠራልና ጉዳይ ማለት መስሎን «ከሥራ አስኪያጁ ጋር አፌር አለኝ» ብንል፣ በድብቅ እንማግጣለን ብለን መስክረናል። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው «ማተር» ይበል፤ ካልሆነም መነጋገር የምፈልገው ነገር አለ ብሎ በግልጽ ያስረዳ።

ቅጽ ስትሞሉ ስለ ዘመድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እኛ የአክስትን ልጅ ወንድሜ እንላለን፤ አብሮ ያደገ የጎረቤት ልጅም ወንድም ነው፤ ማንም እንደ ውሸት አይቆጥርብንም። ኤምባሲ ቅጽ ላይ «ብራዘር» ብሎ መጻፍ ግን የቤተሰብ ማስረጃ ሊያስጠይቅ የሚችል የሕግ ቃል ነው። የአጎትና የአክስት ልጅ፣ በአባትም በእናትም በኩል፣ ወንድም ሴትም፣ አንድ ቃል ይበቃዋል፦ «ከዝን»። ሌላ ጊዜ የጻፍሽው ቅጽ ላይ «ከዝን» ያልሽውን ዛሬ «ብራዘር» ብለሽው ሁለቱ ቢገጣጠሙ፣ ፍቅር አበዛሁ ብሎ ማስረዳት አይቻልም። «ማይ ፋሚሊስ» ማለትም የኛ አገር ልማድ ነው፤ ቤተሰቦቼ ከሚለው ቀጥታ የተወሰደ። እንግሊዙ ሲሰማ ሁለት ቤት ያለው ሰው ይመስለዋል። እናትና አባትን ማለትሽ ከሆነ «ፓረንትስ» በዪ። ባለቤትሽን ደግሞ በንግግር «ሀዝባንድ»፣ በቅጽ ላይ «ስፓውስ»። የስልክ መተርጎሚያ ባለቤቴን ንብረት እንዳለው ሰው «ኦውነር» ብሎ ቢያወጣልሽ እንዳትቀበዪው። እጮኛ «ፊያንሴ» ነው፤ ሲነገር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ሲጻፍ ግን ለወንድ መጨረሻው ላይ አንድ «ኢ»፣ ለሴት ሁለት «ኢ»።

«ተባባሪ»ን በመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰውም ይጠንቀቅ። «አኮምፕሊስ» የወንጀል ግብረ አበር ነው። «ኮላቦሬተር» በምርምርና በሥነ ጥበብ ሥራ የተከበረ ነው፤ ስለ ጣሊያን ዘመን ሲጻፍ ግን ባንዳ ማለት ነው። የራስ አበበ አረጋይን አርበኞች ታሪክ በእንግሊዝኛ ለእንግዳ የሚያስረዳ አስጎብኚ አያቱን በዚህ ቃል ቢያመሰግን ምን እንደሚሆን አስቢ።

የማይተረጎሙም አሉ። አበልጅ ለሚለው እንግሊዝኛ የዛሬ ቃል የለውም፤ «ጎድፋዘር» የልጁ ነው እንጂ የወላጆቹ አይደለም። የሚያስቀው ግን ነበራቸው። በክርስትና የተዛመደን ሰው «ጎድሲብ» ይሉት ነበር፤ «ሲብ» ዘመድ ነው። ቃሉ ከክርስትና አባትና እናት ወደ ምጥ ጠባቂ ወዳጆች፣ ከዚያም ወደ ጨዋታቸው ወረደና ዛሬ «ጎሲፕ» ሆኖ ሐሜት ማለት ነው። አበልጅነታቸውን በወሬ ጨረሱት። ስለዚህ አበልጅሽን ስታስተዋውቂ ስም አትፈልጊ፤ የልጄ የክርስትና እናት ናት በዪ። የጽዋ ማኅበርተኛም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ በቅዱስ ስም የምንሰበሰብበት የአንድ ማኅበር አባሎች ነን ብትዪ ከማንኛውም ስም ይበልጣል። ስም ባጣሽ ቁጥር ግሱን ያዢ። «አብረን ነው ያደግነው»፣ «አብረን እንሠራለን»፣ «ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ናት»፤ እነዚህን ማንም አያጣምማቸውም።

ይህ «ምን ይጋራሉ» የሚለው መመዘኛ ሁሉን አይፈታም። የዳንስ ጥንድም፣ አብሮ የሚጠብቅ ፖሊስም፣ የጥብቅና ቢሮ ባለድርሻም «ፓርትነር» ይባላሉ። ሌላው ሰው የራሱን «ፓርትነር» ሲልሽ ባል ነው ሚስት ብለሽ አትመርምሪ፤ የተጠቀመበትን ቃል መልሰሽ ተጠቀሚበት።

ያንቺን ጉዳይ ስጨርስ፣ ቅጹ ላይ «ቢዝነስ ፓርትነር» ብለሽ ጻፊ፣ ከጎኑም ዘመድ እንዳልሆነ፣ «ኖት ሪሌትድ» ብለሽ ጨምሪ። ከመጻፍሽ በፊት ግን ንግድ ፈቃዱን አውጥተሽ እዪ። ሁለታችሁም ባለቤት ካልሆናችሁ፣ ፈቃዱ በስምሽ ብቻ ሆኖ እሱ የሚከፈለው ከሆነ፣ «ፓርትነር» አይደለም፤ «ኢምፕሎዪ» ወይም የሥራ ድርሻው ይጻፍ። የሽርክና ማኅበር አባል መሆን በሕግ ፊት ለዕዳም ተጠያቂ ሊያደርግ ይችላል፤ ለማክበር ብለሽ የምትሰጪው ማዕረግ አይደለም። ሥራውን አብራችሁ ከጀመራችሁት «ኮፋውንደር» ማለትም እውነት ነው፤ ለባለቤትነቱ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ለገዢዋ ዝም አትበዪ፤ ዝም ካልሽ ትርኢቱ ላይ ለሁለታችሁ አንድ ክፍል ልትይዝላችሁ ትችላለች። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ያስተዋወቅሁሽ ሰው የንግድ ሸሪኬ ነው፣ አብረን ያደግን ነን፤ ባለቤቴ ሌላ ነው፤ ለጉዞው ሁለት ክፍል ያስፈልገናል። ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው መሳሳት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው በሆኑት መካከልም ይገጥማል። በሚቀጥለው ቪዲዮ ደግሞ ባለቤትሽ ስኒውን እንደያዘ ከጎንሽ ከተገኘ፣ ከሁሉ በፊት እሱን «ዚስ ኢዝ ማይ ሀዝባንድ» ብለሽ አስተዋውቂና ከዚያ ወደ ባናው ሂጂ።